ጀልባው ቆሞ ሳፋው ሄደ፦ የኤአይ ቪዲዮ ካሜራን ለአንድ ወር ስነዳው

የወረቀት ጀልባ ነው። ቀይ። ልጄ ከድሮ ደብተር ሽፋን አጣጥፋ የሠራችው። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ጀልባውን አስቀመጥኩና ፎቶ አነሳሁት።

የፈለግሁት አምስት ሰከንድ ብቻ ነው። ጀልባው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይንሳፈፍ። ካሜራው ደግሞ በዝግታ ወደ እሱ ይጠጋ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ፎቶውን ጫንኩ፣ የምፈልገውን ጻፍኩ፣ ውጤቱ መጣ። ደስ ይላል። ውሃው ያብለጨልጫል፤ የወረቀቱ እጥፋት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ደግሜ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ልጄ በትከሻዬ በኩል አንዴ ብቻ አየችና፣

«አባዬ፣ ጀልባው እኮ አልሄደም። የሄደው ሳፋው ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጀልባው ፍሬሙ መሐል ላይ እንደ ችካል ተተክሏል። ከኋላው ያለው የሳፋው ጠርዝ ነው ወደ ግራ የሚንሸራተተው። ማሽኑን ብትከሱት ግን ይረታችኋል። «ጀልባው ከሳፋው አንጻር ወደ ቀኝ ሄዷል ወይስ አልሄደም?» ቢላችሁ፣ ሄዷል። ያልሄደው እኔ ባሰብኩት መንገድ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ካሜራ ተሸክሜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን የበዛው ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው። ደንበኛ አጫጭር ነገር ይፈልጋል፤ የአንድ ዕቃ ምስል፣ የአንድ ሐሳብ ማሳያ። ለእያንዳንዷ መብራት ተክዬ አልችለውም። ስለዚህ በየወሩ የሚከፈልበት አንድ የኤአይ ቪዲዮ አገልግሎት ገዛሁ። ለምስሉ ጥራት ብዬ አይደለም፤ ጥራቱማ አሁን ሁሉም ጋ አለ። የገዛሁት «ካሜራውንም ዕቃውንም እንደፈለጋችሁ አንቀሳቅሱ» ስለሚል ነው። የምገመግመውም ይህንኑ «እንደፈለጋችሁ» የሚለውን ቃል ነው።

ስሙን አልጠራም። የምነግራችሁ ጥፋትም ልማትም የእሱ ብቻ አይደለም፤ የሞከርኳቸው ሌሎቹም ላይ አይቼዋለሁ። ደግሞም ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ በተኖቹን ቦታ ሊያቀያይሯቸው ይችላሉ።

በወሩ ውስጥ 58 ጊዜ ጄኔሬት አድርጌያለሁ፤ ቪዲዮ ሥራ ብዬ አዝዣለሁ ማለት ነው። ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው የቆጠርኩት። ካሜራ ብቻ ሲንቀሳቀስ 22፣ ዕቃ ብቻ ሲንቀሳቀስ 19፣ ሁለቱም አብረው 17። ሳላርም ልጠቀምበት የምችለው ከመጀመሪያው ዘጠኝ፣ ከሁለተኛው ስድስት፣ ከሦስተኛው አንድ። አዎ፣ አንድ። እሱም በዕድል ይመስለኛል፤ ደግሜ ሞክሬ አልመጣልኝም።

ከካሜራው ልጀምር፣ ምክንያቱም ጥሩው ክፍል እሱ ነው። ስድስት ተንሸራታች መቆጣጠሪያ አለው። ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ታች፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ከዚያ ፓን፣ ቲልት (ካሜራውን ቀና ደፋ ማድረግ) እና ሮል (ወደ ጎን ማዘንበል)። እያንዳንዱ ከዜሮ ተነስቶ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 10 ይሄዳል። ፕሮምፕት (የትእዛዝ ጽሑፉ) ላይ በቃል ከመጻፍ ይሄ በብዙ ይሻላል። በቃል «ካሜራው ወደ ግራ ፓን ያድርግ» ብዬ ስጽፍ አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ወደ ጎን ይሄዳል፣ አንዳንዴ ዕቃውን ያዞርልኛል። ብዙም አልፈርድበትም። ሰውም ካሜራ በተነቃነቀ ቁጥር ሁሉንም «ፓን» ነው የሚለው። ማሽኑ የተማረው ከዚያው ሰው ጽሑፍ ነው።

ልዩነቱ ቀላል ነው። ፓን ማለት ቆማችሁ አንገታችሁን ማዞር ነው። ወደ ጎን መሄድ ደግሞ አንገት ሳያዞሩ መራመድ ነው። አንገት ሲዞር ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይሄዳል። ስትራመዱ ግን ቅርቡ ይሮጣል፣ ሩቁ ይጎተታል። ዙምና ዶሊም እንደዚሁ ናቸው። ዙም ምስሉን መለጠጥ ነው፤ ዶሊ በእግር መጠጋት ነው።

ይህን ለመፈተን ሁለት ብርጭቆ አንዱን ከሌላው ኋላ፣ የኋለኛው በጎን በኩል ትንሽ ገለጥ ብሎ እንዲታይ አስቀመጥኩ። ካሜራው በእውነት ከተጠጋ የፊተኛው ብርጭቆ ከኋለኛው ቀድሞ ማደግ አለበት፤ መሐላቸው ያለው ክፍተትም መለወጥ አለበት። ዙም ከሆነ ሁለቱም እኩል ያድጋሉ፣ ክፍተቱም አብሮ ይለጠጣል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

መቆጣጠሪያውን 3 ላይ አደረግሁት። ጥርት ያለ ዶሊ! የፊተኛው ብርጭቆ ቀስ እያለ የኋለኛውን ሸፈነው። በኋለኛው ውስጥ የሚታየው የመስኮት ብርሃን እንኳ ቦታውን ቀየረ። እውነቴን ነው፣ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ 8 ላይ አደረግሁት። ሁለት ሰከንድ ያህል በደንብ ተጠጋ። ከዚያ ደከመው መሰለኝ፣ የቀረውን በዙም ሸወደኝ። ሁለቱም ብርጭቆዎች አብረው እንደ ፊኛ ተነፉ። ሰው ላያስተውለው ይችላል። ዓይኑ የለመደ ግን ወዲያው ይቆረቁረዋል።

ቁጥሩ ራሱ የምን እንደሆነ አያስታውቅም። 3 ምንድነው? ሦስት ሴንቲሜትር? ሦስት ሜትር? ክብሪት ሣጥን ላይ 3 ስሰጠው አፍንጫው ድረስ ሄደ። አዳራሽ ፎቶ ላይ 3 ስሰጠው ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ይሄ ግን የእነሱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ከአንድ ፎቶ ብቻ ዕቃው ትንሽና ቅርብ ይሁን፣ ትልቅና ሩቅ ይሁን በልኬት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቶ መጀመሪያ 2 ላይ ትሞክራላችሁ፤ ከዚያ ትጨምራላችሁ። ሌላ መላ አላገኘሁም።

ካሜራው ዕቃውን ዙሪያውን የመዞሩ ነገር ላይ አልቆይም፣ በኋላ እመለስበታለሁ። የጠረጴዛ ሰዓት ሰጠሁት። ዞረ። ጀርባው ላይ ሌላ የሰዓት ፊት አወጣለት። ቁጥሮቹ ሁሉ አሉ።

አሁን ወደ ጀልባው እንመለስ።

ችግሩ ከማሽኑ በፊት ያለ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ አጠገባችሁ ያለው አውቶቡስ ሲነሳ፣ የእናንተው የሄደ መስሏችሁ አያውቅም? ስክሪን ላይ ያለውም ይኸው ነው። ካሜራ ወደ ግራ ሲሄድና ዕቃ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዕቃው ላይ ያሉት ፒክስሎች የሚያደርጉት አንድ ነው። የሚለያቸው የተቀረው ዓለም ምን አደረገ የሚለው ነው። የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ካሜራማን ፕሮሚዮ እ.ኤ.አ. በ1896 ቬኒስ ውስጥ ካሜራውን ጀልባ ላይ ጭኖ ሲያነሳ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሄዱት ሕንፃዎቹ ነበሩ። የሄደው ጀልባው ነው፤ የታየው የሕንፃዎቹ ጉዞ ነው። የእኔዋ ቀይ ጀልባም ከዚህ የተለየ አልገጠማትም።

ሌላም ምክንያት አለ። ቪዲዮውን የሚሠሩት የኤአይ ሞዴሎች የካሜራ እንቅስቃሴን የሚማሩት ካሜራው በየቅጽበቱ የት እንደነበር ከተሰላለት ቪዲዮ ነው። ጥናቶቹ ላይ በብዛት የምታገኙት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ሪል ኢስቴት 10ኬ የተባለ ክምችት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ከዩቲዩብ የቤት ማስጎብኛ ቪዲዮዎች የተሰበሰበ፣ 80 ሺህ ገደማ ቁራጭ፣ 10 ሚሊዮን ገደማ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል። በ2023 መጨረሻ የመጣው ሞሽንኮንትሮል የተባለው ጥናትም፣ በ2024 የተከተለው ካሜራኮንትሮልም ካሜራ ያስተማሩት በዚሁ ነው። እስቲ አስቡት፤ ቤት በማስጎብኛ ቪዲዮ ውስጥ ምን ይንቀሳቀሳል? ሶፋው አይሄድ። ፍሪጁ አይንሳፈፍ። የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ብቻ ነው። በዚህ ያደገ ሞዴል ካሜራ አንቀሳቅስ ሲባል ዕቃውን ቢያደርቀው አይገርመኝም። የእኔው አገልግሎት ጠባዩን ሳየው የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ይመስለኛል። ብርጭቆ ላይ ጎበዝ ነው። የሚሄድ ነገር ሲመጣ ግራ ይጋባል።

ለሚሄደው ነገር ብሩሽ አለው። ጀልባውን ትቀባላችሁ፣ ከዚያ ቀስት ትስላላችሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ረንዌይ የተባለው የኤአይ ቪዲዮ ኩባንያ ሞሽን ብራሽ ብሎ በ2023 ካወጣው ወዲህ ብዙዎቹ የየራሳቸውን ሠርተዋል። ስትጠቀሙበት ደስ ይላል። እንደ ልጅ ቀብታችሁ፣ ቀስት ስላችሁ፣ «ሂድ» ማለት።

እኔ ደግሞ የኤዲተር በሽታ አለብኝ። ጀልባውን በጥንቃቄ፣ ጠርዝ ጠርዙን፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ወስጄ ቀባሁት። አንዲት ፒክስል አልሳትኩም። ውጤቱ? ጀልባው ሄደ፤ ውሃው ላይ ያለው ነጸብራቁ ቀረ። ቀይ ጥላ ባዶ ውሃ ላይ ቁጭ ብሏል። ከዚያ በአራተኛው ሰከንድ ነጸብራቁ ራሱ ቀና ብሎ ሁለተኛ ጀልባ ሆነ። እንዲህ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ጥላውንም ነጸብራቁንም አብራችሁ ቀቡ። ሰፋ አድርጋችሁ፣ ደፈን አድርጋችሁ። እዚህ ጥንቃቄ ይጎዳል።

ቀስቱ ቀጥ ሲል ይታዘዛል። ጠመዝማዛ ስስልለት ግን ማዕዘኑን ይቆርጣል። ጀልባው እንደ እባብ እንዲሄድ ሦስት መታጠፊያ ሰጠሁት፤ አንዱን ብቻ ታጠፈ፣ ሌሎቹን በቀጥታ አለፋቸው። ለምን? ብዙዎቹ ሞዴሎች ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም አይደለም የሚሠሩት። በጊዜም ይጨምቁታል። ለምሳሌ በ2025 በነጻ የተለቀቀው ዋን 2.1 የተባለው ሞዴል በሰከንድ 16 ፍሬም፣ በጠቅላላው 81 ፍሬም ያወጣል፤ በውስጡ ግን የሚሠራው በ21 ደረጃ ነው። አራት አራት ፍሬም አንድ ላይ ይጠቀጠቃል። አንድ መታጠፊያ እነዚያ አራት ፍሬሞች ውስጥ ካለቀ ተውጦ ይቀራል። ጠመዝማዛ መንገድ ከፈለጋችሁ በዝግታ ይሁን። ፍጥነቱን ኤዲቲንግ ላይ ጨምሩት።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን መንቀሳቀሱ አይደለም፤ መቆሙ ነው። ይሄ ነገር አርፈህ ቁም ሲሉት አይገባውም። ስድስቱንም መቆጣጠሪያ ዜሮ አድርጌ «ካሜራው አይንቀሳቀስ» ብዬ ጻፍኩ። ካሜራው ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ፣ ወደ ፊት ይሳባል። ደጋግሜ ሞከርኩት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ዜሮ ማለት ለእኔ «ቁም» ነው። ለእሱ ግን «ምንም አልታዘዝክም፣ እንዳሻህ» ማለት ነው። ይህንን መመሪያው ላይ በአንድ መስመር ቢጽፉት ስንት ክሬዲት (ለየቪዲዮው የሚቆረጥብኝ ሂሳብ) ይተርፈኝ ነበር!

መፍትሔው ከብሩሹ ጎን ተደብቆ አገኘሁት። ትንሽ የመርፌ ምልክት ናት። እሷን ፎቶው ላይ ስትተክሉ «ይህ ነጥብ ከቦታው ፍንክች እንዳይል» ማለት ነው። የሳፋውን ጠርዝ በአራት ቦታ ቸነከርኩት። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ጀልባውን ከነነጸብራቁ ቀባሁ፣ አንድ ቀጥ ያለ ቀስት ሳልኩ። ጄኔሬት።

ሄደ! ሳፋው ቆሞ ጀልባው ሄደ። ከኋላው ሁለት ቀጫጭን የውሃ መስመር እየተወ። ያንን እኔ አላዘዝኩም፤ ከራሱ ነው ያመጣው። ልጄን ጠራኋት። «አሁን ልክ ነው» ብላ ተመልሳ ሄደች።

የካሜራው መጠጋት ግን ቀርቶ ነበር። መርፌዎቹን ተክዬ ካሜራ ጠጋ በል ማለት እርስ በርሱ የሚጣላ ትእዛዝ ነው፤ ሞክሬው የሳፋው ጠርዝ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ስለዚህ መጠጋቱን ኤዲቲንግ ላይ አመጣሁት። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ከ100 ወደ 112 ከመቶ አሳደግሁት። አዎ፣ ይሄ ዙም ነው። ማሽኑን በሰደብኩበት ነገር እኔው ገባሁበት። ግን ውሃው ጠፍጣፋ ነው፣ ከፊት የሚከልል ነገር የለም፤ ለዚህ ምስል ይበቃል።

ፊትና ኋላ ባለበት ምስል ግን አይበቃም። ለእሱ ረጅሙን መንገድ ሄድኩ። አገልግሎቱ መምሪያ ቪዲዮ ይቀበላል። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ግራጫ ወለል፣ ግራጫ ሣጥን፣ አንድ ካሜራ አስቀመጥኩ። ሣጥኑን ወደ ቀኝ ነዳሁት፣ ካሜራውን ወደ ፊት ገፋሁት። የቅርበትና የርቀት ምስሉን አወጣሁ፤ ቅርቡ ነጭ፣ ሩቁ ጥቁር የሆነበት ማለት ነው። ያንን ሰጠሁት። አሁን ማሽኑ መገመት አይጠበቅበትም፤ የቱ እንደሄደና የቱ እንደቆመ ተነግሮታል። ከሦስት ሙከራ ሁለቱ መጡ። እነዚህን 58ቱ ውስጥ አልቆጠርኳቸውም፤ ግማሹን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝና። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። «ታዲያ ኤአይው ለምን አስፈለገህ?» የሚል አይጠፋም። ውሃውን፣ ብርሃኑን፣ የወረቀቱን ርጥበት ብሌንደር ላይ ልሥራ ብል ሳምንት አይበቃኝም።

የተሻለ ነገር እየመጣም ነው። በ2025 መጀመሪያ ጎ ዊዝ ዘ ፍሎው የሚባል ጥናት ወጥቷል። እነዚህ ሞዴሎች ቪዲዮ የሚጀምሩት ከተዘበራረቀ የነጥብ ጭጋግ ነው። ጥናቱ ያንን ጭጋግ ራሱን በሚፈለገው አቅጣጫ አስቀድሞ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ በላዩ የሚሠራው ምስል ጭጋጉን ተከትሎ ይሄዳል። ለካሜራም ለዕቃም አንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሐሳቡን ስሰማ «እንዴት እስካሁን!» ነው ያልኩት።

አንድ ቅሬታ ሳልናገር አላልፍም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስገባ ሞዴሉን አድሰውታል። ማስታወቂያ የለም። የደብተሬ ቁጥሮች ሁሉ ዋጋ አጡ። የብርጭቆው 3 አሁን እንደ ድሮው 5 ሆኗል። ያው ፎቶ፣ ያው ፕሮምፕት፣ ያው የሲድ ቁጥር (ያንኑ ውጤት ለመድገም የሚሰጥ ቁጥር)፣ ሌላ ቪዲዮ። ለደንበኛ ግማሹን የጨረስኩት ሥራ ነበረኝ፤ ሌላውን ግማሽ የሚመስል ማውጣት አልቻልኩም። ጻፍኩላቸው። በሁለት ቀን መልስ መጣ፤ «ስላሻሻልነው እንኳን ደስ አለዎት» ዓይነት ነገር። የድሮውን ሞዴል መምረጫ ይኑር ነው ያልኳቸው። የከሸፈ ቪዲዮ ክሬዲትም አይመለስም። መክሸፉን የሚፈርደው ማን ነው? እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ቪዲዮ ሠርቶ ለማያውቅና «የሆነ ነገር ይንቀሳቀስ» ለሚል ሰው የቃሉ ፕሮምፕት ብቻ ይበቃዋል፣ ለመቆጣጠሪያው ተጨማሪ አይክፈል። የሚፈልገውን ሾት በልቡ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን የካሜራው ክፍል ጥሩ ነው፤ በተለይ ዕቃው ዝም ብሎ ከተቀመጠ። ብሩሹ ከመርፌዋ ጋር ካልሆነ ብቻውን አይረባም። ሁለቱም አብረው እንዲንቀሳቀሱ ለሚፈልግ፣ ብሌንደር ትንሽ መልመድ ይሻለዋል። እኔ ለሚቀጥለው ወር ከፍያለሁ። እያጉረመረምኩ ነው የከፈልኩት።

ሰዓቱ ቀረ አይደል? ባለ ሁለት ፊቱ።

አገልግሎቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ፍሬም ይቀበላል። ሁለት ፎቶ ትሰጡታላችሁ፣ መሐሉን እሱ ይሞላል። ስለዚህ ጀርባው ምን እንደሚመስል አይገምት ብዬ የሰዓቱን ፊት አነሳሁ፣ ከዚያ ጀርባውን አነሳሁ። ሁለቱንም ሰጠሁት። «ካሜራው ሰዓቱን ይዙር» አልኩት።

ጀርባው ትክክል መጣ። የባትሪው ክዳን፣ ማስተካከያው፣ ሁሉም። ግን ካሜራው አልዞረም። ሰዓቱ ራሱ በቦታው ተሽከረከረ፣ እንደ ሱቅ መስታወት ውስጥ ዕቃ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም ሰዓቱ ነው የዞረው። ስድብ አዘጋጅቼ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው።

በሁለቱም ፎቶ ላይ ከኋላ ያለው ያው መስኮት ነው። ያው መጋረጃ፣ ያው እጥፋት። ጀርባውን ላነሳ ስል እኔ ተነስቼ አልዞርኩም፤ እጄን ሰድጄ ሰዓቱን ነው ያዞርኩት። ማሽኑ ያየውን ነው የሠራው።

ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ዞሬ በመስኮቱ በኩል ቆሜ አነሳሁት። በሁለተኛው ሙከራ ካሜራው ዞረ።